የእማኝ ቃልና የሰማይ እሳት፦ የደማቅ ተወርዋሪ ኮከቦች አመዘጋገብ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1783 ዓ.ም. ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ጥቂት ሰዎች ቆመው ይነጋገሩ ነበር። ከመካከላቸው የኢጣልያ ተወላጅ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ ቲቤሪየስ ካቫሎና ሠዓሊው ቶማስ ሳንድቢ ይገኙበታል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም የረጋ ነበር። በድንገት ከሰሜን አድማስ በላይ የሚንቦገቦግ ብርሃን ታየ። ብርሃኑ ወዲያው ክብ ቅርጽ ይዞ ከፍ አለና ምድሩን ሁሉ እያደመቀ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ፤ በመጨረሻም ወደ ብዙ ትንንሽ ኳሶች ተከፋፍሎ ከዐይን ተሰወረ። ይህ ሁሉ የፈጀው ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደግሞ የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ጉርምርምታ ተሰማ።

ያንን ብርሃን ያዩት የሰገነቱ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከስኮትላንድ ሰሜን አንሥቶ እስከ ፈረንሳይ ምድር ድረስ መንገደኛውም፣ መርከበኛውም፣ በደጁ ተቀምጦ ነፋስ የሚቀበለውም ሁሉ አይቶታል። ይሁን እንጂ ማየትና መመስከር፣ መመስከርና መመዝገብ ለየቅል ናቸው። በዊንድሰር የነበሩት ሰዎች ከመደነቃቸው ባሻገር ብርሃኑ ከየት እንደ ተነሣ፣ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ድምፁ ስንት ደቂቃ እንደ ዘገየ እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ አኖሩት። በሳንድቢ ወንድማማቾች እጅ የተዘጋጀው ሥዕልም እስከ ዛሬ ይገኛል።

ካቫሎ ስሌቱን የጀመረው ከድምፁ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ደቂቃ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ ከ10 ደቂቃ በኋላ የተሰማው ጉርምርምታ በእርግጥ ከዚያው ብርሃን የመጣ ከሆነ፣ ፍንዳታው የደረሰበት ስፍራ ከሰገነቱ 130 ማይል ማለትም 210 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ርቀትና ብርሃኑ ከአድማስ በላይ ከታየበት ማዕዘን ተነሥቶ ከፍታውን 56 ማይል ተኩል ወይም 90 ኪሎ ሜትር ያህል አደረገው። ተወርዋሪ ኮከቦች መብራት የሚጀምሩት ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መሆኑ ዛሬ በካሜራና በራዳር ስለሚታወቅ፣ ቴሌስኮፕ እንኳ ሳይያዝ በሰገነት ላይ የተገኘው ቁጥር ከእውነቱ ሩቅ አልነበረም።

ከብርሃኑ በኋላ ድምፁ የሚዘገይ መሆኑ የስሌት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ230 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ፣ በሩሲያ በቸልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ ከፀሐይ የደመቀ የእሳት አሎሎ አለፈ። ሕዝቡ ብርሃኑን ለማየት ወደ መስኮት ተሽቀዳደመ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ የፍንዳታው ማዕበል ሲደርስ መስኮቶች ረገፉ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ቆሰሉ፤ የአብዛኞቹም ጉዳት ከመስታወት ስብርባሪ የመጣ ነበር። በዚያች ከተማ አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት 44 ተማሪዎቿን ከጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ አዘዘች። እርሷ በመስታወት ስትቆረጥ ከልጆቹ አንድም የተጎዳ አልነበረም። መምህርቷ የሰማዩ ነገር ምን እንደ ሆነ አላወቀችም ነበር፤ ይሁንና ከኃይለኛ ብርሃን በኋላ የሚከተል ነገር ሊኖር እንደሚችል ገመተች።

ወደ 1783 ዓ.ም. እንመለስ። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል የነበረው ቻርልስ ብላግደን ከልዩ ልዩ ስፍራ የተላኩትን ደብዳቤዎች ሰብስቦ በማመሳከር በሚቀጥለው ዓመት ሰፊ ጥናት አሳተመ። ለከፍታው የደረሰበት ቁጥር ከካቫሎ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ስለ ብርሃኑ ምንነት የሰጠው ማብራሪያ ግን የተሳሳተ ነበር፤ ነገሩ ከኤሌክትሪክ የመነጨ ነው ብሎ ያምን ነበርና። ዛሬ ማብራሪያውን የሚቀበል የለም፤ የሰበሰባቸው ምስክርነቶች ግን አሁንም ያገለግላሉ።

ከእነዚህ ምስክርነቶች ውስጥ አንዱ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ብርሃኑ በሚያልፍበት በዚያው ቅጽበት የሹክሹክታ ወይም የመንሿሿት ድምፅ ሰማን ያሉ ሰዎች ነበሩ። ይህ በጊዜው በነበረው ዕውቀት ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ 90 ኪሎ ሜትር ከራቀ ነገር የሚመጣ ድምፅ ቢያንስ ከአራት ደቂቃ በኋላ መድረስ ይኖርበታልና። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1719 ዓ.ም. በእንግሊዝ ስለ ታየው ታላቅ ተወርዋሪ ኮከብ የጻፈው ኤድመንድ ሃሌይ ተመሳሳይ ቃል ሲደርሰው የምናብ ውጤት ነው ብሎ ጥሎታል። ብላግደንም ተጠራጥሯል፤ ነገር ግን ቃሉን አልሰረዘውም። ወደፊት የሚመጡ ተመልካቾች ያጣሩት ዘንድ ጽፎ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ላይ አንድ የእሳት አሎሎ ሲያልፍ ብዙ ሰዎች እንደገና ያንኑ መሰከሩ። የፊዚክስ ሊቁ ኮሊን ኬይም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ ከአሎሎው የሚነሣ የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ደርሶ በተመልካቹ አጠገብ ያሉ ነገሮችን ሊያንቀጠቅጥ እንደሚችል አስረዳ። በ2017 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የብርሃኑ መርገብገብ ራሱ ቅጠልን፣ ፀጉርንና ልብስን እያሞቀ ድምፅ ሊፈጥር ይችላል የሚል ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ክርክሩ አላበቃም። ሆኖም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ጸሐፊ ያላመነበትን ቃል ባይመዘግብ ኖሮ ክርክሩ የሚቆምበት መሠረት ባልኖረው ነበር።

ይህ ማለት ግን የእማኝ ቃል ሁሉ እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። የእሳት አሎሎ ያየ ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ «ከዚያ ኮረብታ ማዶ ወደቀ» ይላል። በሚቀጥለው ወረዳ ያለውም ስለ ራሱ ኮረብታ ያንኑ ይናገራል፤ ሁለቱም አልዋሹም። በጨለማ ሰማይ ላይ ርቀትን የሚያመለክት ምንም ነገር ስለሌለ ዐይን በቅርብ የሚያውቀውን ኮረብታ ይይዛል። ስለዚህ «ምን ያህል ይርቅ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። መጠየቅ ያለበት ማዕዘንና አቅጣጫ ነው። ልምድ ያለው መዝጋቢ እማኙን ወደ ቆመበት ስፍራ መልሶ ይወስደዋል፤ ብርሃኑ ከየትኛው ጣሪያ ጫፍ ወይም ከየትኛው ዛፍ በላይ እንደ ታየ በጣቱ እንዲያሳይ ያደርገዋል፤ ማዕዘኑን የሚለካው ራሱ መዝጋቢው ነው። መሣሪያ ከሌለ እጅ ይበቃል። ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሲታይ ጡጫ 10 ዲግሪ ያህል፣ ስንዝር ደግሞ 20 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። አንዱ እማኝ ብርሃኑን ከአናቱ በላይ፣ 80 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመው ሌላው እማኝ ደግሞ በዚያው ቅጽበት በ45 ዲግሪ ካየው፣ ከፍታው 80 ኪሎ ሜትር መሆኑን የሦስት ማዕዘንን ጠባይ የተማረ ልጅ ሁሉ ያገኘዋል።

የእማኝ ቃል በሊቃውንት ዘንድ ይህን ዓይነት ቦታ ያገኘው ግን በቀላሉ አይደለም። ታሪኩ ጎልቶ የሚታየው በፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1768 ዓ.ም. በሉሴ መንደር አካባቢ ገበሬዎች የነጎድጓድ ዓይነት ድምፅ ሰምተው አንድ ድንጋይ ሲወድቅ አዩ፤ ሲጠጉትም ትኩስ ነበር። የሳይንስ አካዳሚው ጉዳዩን እንዲመረምሩ ሦስት ሰዎች መደበ። ከእነርሱም አንዱ በኋላ የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት የተባለው ወጣቱ ላቯዚዬ ነበር። ድንጋዩን በላቦራቶሪ መርምረው፣ ይህ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በመሬት ላይ ሳለ መብረቅ የመታው ተራ ድንጋይ ነው ብለው ደመደሙ። ሊቃውንቱ ሰነፎች አልነበሩም። ጥፋታቸው ድንጋዩን በጥንቃቄ መርምረው የገበሬዎቹን ቃል በዚያው ጥንቃቄ አለመመርመራቸው ነው።

ከዚህ የባሰው በ1790 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሆነ። በጁላይ 24 ቀን ምሽት በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ታላቅ የእሳት አሎሎ ታየና በባርቦታንና በዡያክ አካባቢ ብዙ ድንጋዮች ወደቁ። የዡያክ ከንቲባና የከተማው ምክር ቤት የ300 እማኞችን ቃል የያዘ ሰነድ አዘጋጅተው ላኩ። አንድ የገጠር ከተማ በራሱ አነሣሽነት እንዲህ ያለ መዝገብ ማዘጋጀቱ ሊመሰገን በተገባው ነበር። የአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፒየር ቤርቶሎን ግን አንድ የከተማ አስተዳደር በሙሉ የተራውን ሕዝብ ተረት በፊርማው ማጽደቁ እንደሚያሳዝነው ጽፎ ተሳለቀበት። ሰነዱን ግን በተቃራኒ መርምሮ ስሕተቱን ያሳየ ማንም አልነበረም።

አራት ዓመት ቆይቶ ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ክላድኒ ዛሬ የሚታወቀው በድምፅ ሳይንስ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ የተማረው ግን ሕግ ነበር፤ ይህም ትምህርቱ ከንቱ አልቀረም። በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ በልዩ ልዩ ዘመንና በልዩ ልዩ አገር ስለ እሳት አሎሎና ስለ ሰማይ ድንጋይ የተጻፉ ምስክርነቶችን እንደ ዳኛ ጎን ለጎን አስቀመጠ። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ ለመዋሸት የሚያበቃ ምክንያት የሌላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ ነገሩ ተፈጽሟል ብሎ ፈረደ። የተመዘገበውም ፍጥነት በምድር አየር ውስጥ ከሚፈጠር ከማናቸውም ነገር የሚበልጥ ስለ ሆነ ድንጋዮቹ ከምድር ውጭ የመጡ ናቸው አለ። ብዙዎች አልተቀበሉትም።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1803 ዓ.ም. በኖርማንዲ ክፍለ አገር በሌግል ከተማ ዙሪያ በቀን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ፣ ድንጋይ በዘነበ ጊዜ ነው። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሻፕታል የ29 ዓመቱን ወጣት ዣን ባቲስት ቢዮን ላከው። ቢዮ በቀጥታ ወደ ሌግል አልሄደም። በመጀመሪያ ራቅ ብላ ወደምትገኘው ወደ አላንሶን ሄዶ፣ የሌግልን ወሬ ገና በደንብ ያልሰሙ ሰዎች በዚያ ቀን ምን እንዳዩ ጠየቀ። እነርሱም የእሳት አሎሎውን ማየታቸውን ነገሩት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌግል ተጠግቶ ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ የዞረው። በቅርብ የነበሩት ሰዎች ትንሽ ደመናና ከባድ ፍንዳታ እንጂ አሎሎ አላዩም። ሌላ መርማሪ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወገኖች ይጋጫሉ ብሎ ሁለቱንም በጣለ ነበር። ቢዮ ግን ከሥሩ የቆመ ሰውና ከሩቅ የሚያይ ሰው አንድን ነገር አንድ ዓይነት አድርገው ሊያዩት እንደማይገባ ተረዳ።

ቢዮ ማስረጃውን በሁለት ከፈለው፤ አንደኛው የቁስ ማስረጃ፣ ሁለተኛው የሰው ቃል ነው። ለመጀመሪያው፣ ከአደጋው በፊት በአካባቢው በነበሩ የድንጋይ ስብስቦችም ሆነ በብረት ማቅለጫ ቦታዎች ዝቃጭ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ እንዳልነበረ አረጋገጠ። ለሁለተኛው፣ በሥራም በኑሮም የማይገናኙ ሰዎችን፣ ገበሬውንም፣ ቄሱንም፣ እመቤቲቱንም ለየብቻ ጠየቀ። ድንጋይ የወደቀባቸውን መንደሮች በካርታ ላይ ሲያኖራቸው 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሞላላ ቅርጽ ወጣ። ከእማኞቹ አንዱም ይህን ቅርጽ አያውቅም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ማሳ ብቻ ነበር። የወደቁትን ድንጋዮች ከ2,000 እስከ 3,000 ገመታቸው። ሪፖርቱ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በፓሪስ ከተነበበ በኋላ ድንጋይ ከሰማይ ይወርዳል ማለት መሳለቂያ መሆኑ ቀረ።

ፎቶግራፍ በመጣ ጊዜ የሰው ዐይን ሥራ የሚያበቃ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1959 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በቼኮስሎቫኪያ የኦንድርዜዮቭ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ካሜራዎች በሁለት የተራራቁ ስፍራዎች ተተክለው ተራ ተወርዋሪ ኮከቦችን ሲጠባበቁ ሳለ፣ እጅግ የደመቀ አሎሎ በፊታቸው አለፈ። በካሜራዎቹ ፊት በእኩል ፍጥነት የሚሽከረከር መዝጊያ ስለ ነበረ፣ የብርሃኑ መስመር በፊልሙ ላይ በእኩል ጊዜ እየተቆራረጠ ተቀረጸ። ከቁርጥራጮቹ ርዝመት ፍጥነቱን፣ ከሁለቱ ስፍራዎች ምስል ደግሞ መንገዱን ማስላት ተቻለ። ዝዴኔክ ጸፕሌሐ ባደረገው ስሌት መሠረት በፕርዥብራም ከተማ አጠገብ አራት ድንጋዮች ተገኙ። ከሕዋ የመጣ ድንጋይ ከመውደቁ በፊት በፀሐይ ዙሪያ የነበረው ምሕዋር በፎቶግራፍ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ምሕዋሩም በማርስና በጁፒተር መካከል ወዳለው የአስትሮይዶች ቀበቶ የሚደርስ ነበር። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የካሜራ መረቦች ተዘረጉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ በፒክስኪል ከተማ ቆሞ የነበረ አውቶሞቢል ላይ 12 ኪሎ ግራም የሚያህል ድንጋይ ሲወድቅ ግን፣ መንገዱ የታወቀው ከመረቦቹ ሳይሆን ብዙዎቹ በትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ካነሡት የቪዲዮ ምስል ነው።

ለኢትዮጵያ መምህራን ቅርብ የሆነው ታሪክ የተፈጸመው በጎረቤት ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በአሪዞና የሚገኝ አንድ መመልከቻ ጣቢያ 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አስትሮይድ ወደ ምድር ሲመጣ አየ። ለአስትሮይዱ 2008 ቲሲ3 የሚል ስም ተሰጠው። 20 ሰዓት ያህል ቆይቶ በኑቢያ በረሃ ላይ እንደሚወድቅ ተሰላ፤ ወደቀም። ከመውደቁ በፊት በሕዋ ላይ የታየ ነገር ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይበር የነበረ የአንድ የሆላንድ አውሮፕላን አብራሪ አስቀድሞ ተነግሮት ስለ ነበር ወደ አድማሱ ሲመለከት ብልጭታውን አየ። ሳተላይቶችም ፍንዳታው በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ መድረሱን መዘገቡ።

የጊዜ አመዘጋገብን ችግር ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አሎሎው የታየው በዓለም አቀፍ ሰዓት 2፡46 ላይ ነው። በወቅቱ በሱዳንና በኢትዮጵያ የሰዓት ክልል ይህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነው። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 7፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ማክሰኞ ነው። ይሁንና ያገራችን ገበሬ ቀንን የሚቆጥረው ከንጋት ስለሆነ «ሰኞ ሌሊት» ቢል ስሕተት አይደለም። የውጭው መዝገብ ግን ያንኑ ሰዓት ከማክሰኞ ያውለዋል፤ መዝጋቢው ካልተጠነቀቀ በአንድ ሌሊት ሁለት አሎሎ የወደቀ ያስመስለዋል። አማርኛ ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለው፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያሻማ ነገር አይተውም። ከዚያ ላይ የሰዓት አቆጣጠሩ የትኛው እንደ ሆነ ቢጨምርበት መዝገቡ የተሟላ ይሆናል። ተማሪ በክፍል ውስጥ ይህን ልዩነት ሳይለማመድ የሰማይን ነገር መዝግብ ቢባል የሚያመጣው ወረቀት ለስሌት አይበቃም።

የሳተላይቱና የቴሌስኮፑ ቁጥር አሎሎው በየት በኩል እንደ መጣ ነገረ እንጂ ድንጋይ አላነሣም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሻዳድ በበረሃው ዳር የሚኖሩትንና በባቡር ሐዲዱ ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ምን እንዳዩ ጠየቀ። ከአሜሪካ ከመጣው ከፒተር የኒስኬንስ ጋር ሆኖም በዲሴምበር 2008 ዓ.ም. 45 ተማሪዎችንና ሠራተኞችን ይዞ ወደ በረሃው ወጣ። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዐይናቸውን ከመሬቱ ሳይነቅሉ፣ ገላጣውን ምድር በእግራቸው አበጠሩት። በዲሴምበር 6 ቀን፣ ፍለጋው በተጀመረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ጥቁር ድንጋይ ያገኘው ከእነርሱ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ በተደጋገሙ ጉዞዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ተለቀሙ። አብዛኞቹ ዩሬላይት የሚባለው ብርቅ ዓይነት ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ድንጋዮች መገኘታቸው አስትሮይዱ ከልዩ ልዩ አካላት ስብርባሪ የተጠራቀመ እንደ ነበረ አመለከተ።

ሁሉም በዓለም አቀፉ መዝገብ የገቡት ግን በቴሌስኮፑ በተሰጠው ስም አይደለም። በዋዲ ሃልፋና በአቡ ሐመድ መካከል ካሉት የባቡር ጣቢያዎች አንዷ፣ ሰዎቿም በዚያ አጥቢያ ብርሃኑን ያዩት ጣቢያ፣ ስሟን አውርሳቸዋለች፦ አልማሀታ ሲታ፣ ትርጓሜውም ስድስተኛው ጣቢያ ማለት ነው።